ከፊሽካው በኋላ የመጣ ሰላምታ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ጠባቸውን በጥርስና በቀንድ መጨረስ ሰልችቷቸው በኳስ መጨረስ በጀመሩበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት ቡድኖች ይኖሩ ነበር። ከወንዙ ወዲህ ሣር በሎቹ ናቸው፤ ፍየሎች፣ በጎች፣ በቅሎዎችና ሚዳቋዎች። አሰልጣኛቸው አህያ ነው። ጠባዩ የረጋ፣ ዕድሜውም ገፋ ያለ ስለነበር ተጫዋቾቹ «ጋሽ አህያ» ይሉታል። ከወንዙ ወዲያ ሥጋ በሎቹ አሉ፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ ጅቦች ናቸው፤ የእነሱ አሰልጣኝ ደግሞ አያ ጅቦ ነበር። አያ ጅቦ ስለ ኳስ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ለተጫዋቾቹ የሚሰጠው ምክርም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ኳሱን ስታዩ ሥጋ ነው ብላችሁ ሩጡ ይላቸዋል። የሚገርመው፣ ምክሩ ብዙ ጊዜ ይሠራ ነበር።

የአያ ጅቦ ምክትል እመት ቀበሮ ናት። እሷ ስለ ኳስ ብዙ ታውቃለች። ዓይኗ ግን ከኳሱ ይልቅ የአያ ጅቦ ወንበር ላይ ነበር።

አንበሳ ለዚህ ጨዋታ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሜዳ ውስጥ ማንም ማንንም አይነክስም፣ አይወጋም። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ አሰልጣኞች መሀል ሜዳ ተገናኝተው ሰላም ይባባላሉ፤ ከዚያ ባለሜዳው እንግዶቹን እስከ ወንዙ መሻገሪያ ይሸኛል። ሰላምታ ከሌለ ሽኝት የለም። ሽኝት ከሌለ ደግሞ መንገድ ላይ ለሚደርሰው ነገር አንበሳ ኃላፊ አይሆንም።

አምና ጨዋታው የተደረገው በሣር በሎቹ ሜዳ ሲሆን አያ ጅቦ ሦስት ለባዶ አሸነፈ። ፊሽካው ሲነፋ ደስ ብሎት መዳፉን ዘርግቶ መሀል ሜዳ መጣ። ጋሽ አህያ ግን በሽንፈቱ በግኖ ስለነበር የተዘረጋውን መዳፍ እያየ ፊቱን አዙሮ ወጣ። ጅቦችን መንገድ ላይ የሚደፍራቸው ስለሌለ ያለ ሽኝትም በሰላም አገራቸው ገቡ። ማንም ምንም አላለም። ጋሽ አህያም ነገሩን ረሳው፤ ወይም የረሳው መሰለው።

ዘንድሮ ተራው የጅቦች ሆነ። ሜዳቸው ከሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ ነው፤ ቁጥቋጦው ሁሉ ደግሞ ጅብ ነው። ሣር በሎቹ ጠዋት በዚያ ሲያልፉ ተጠጋግተው ነበር የሄዱት።

ዳኛው ጉሬዛ ነበር። ሥራውን ያገኘው ጥቁርና ነጭ ልብስ ለብሶ ስለተወለደ ነው የሚሉ ነበሩ፤ እሱ ግን ለማንም የማያዳላ ጥሩ ዳኛ ነው። ከዕረፍት በፊት ጅቦቹ አንድ ጎል አገቡ። ከዕረፍት መልስ ሚዳቋ አቻ አደረገች። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የሣር በሎቹ አምበል፣ ወጠጤው ፍየል፣ ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ በግንባሩ መትቶ መረቡ ላይ አሳረፈው። ሁለት ለአንድ። ወዲያው ጉሬዛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ።

ወጠጤውን ደስታ አቅሉን አሳተው። ሮጦ ከጅቦቹ ተጠባባቂዎች ፊት በኋላ እግሮቹ ቆመና ይጨፍር ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉት። ጅቦቹ ዝም ብለው ያዩአቸዋል። ይህን ዝምታ መጀመሪያ ያስተዋለው ጋሽ አህያ ነው። ጅብ ሲናደድ እንደሚጮህ ያውቃል፤ ዝም ካለ ግን ሌላ ነገር እያሰበ ነው።

በዚህ ጊዜ እመት ቀበሮ ከአያ ጅቦ ጆሮ ሥር ገብታለች። አምና በሰው ሜዳ እንዴት እንደተናቀ አንድ በአንድ አስታወሰችው።

«አህያውን እንዳይጨብጡት» አለችው። «ካልጨበጡት ሽኝት የለም። ሽኝት ከሌለ ደግሞ…» ቀሪውን ሳትናገር ወደ መንገዱ አየች።

አያ ጅቦ ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ስለ ሆድ ከሆነ ግን ይገባዋል። ወደ መንገዱ ተመለከተ። ወደ ሰቡት በጎች ተመለከተ። ምራቁን ዋጥ አድርጎ ጀርባውን ሰጠና ወደ ቁጥቋጦው አመራ። እመት ቀበሮ በልቧ ሳቀች። እንግዶቹ ከተበሉ ትርፍራፊው የእሷ ነው፤ አንበሳ ሰምቶ ከተቆጣም የሚባረረው አያ ጅቦ ነው፣ ወንበሩም ለእሷ ይደርሳታል። በየትኛውም በኩል አትከስርም። ይህን አስባ፣ እራት እየመጣ መሆኑን ለሸለቆው ጅቦች ልትነግር ሮጠች።

ጋሽ አህያ የአያ ጅቦን ጀርባ ሲያይ ነገሩ ገባው። ጭፈራውም ቀስ በቀስ ቆመ፤ በጎቹ ተጠጋጉ፤ ሁሉም ዓይኑን ወደ መንገዱ ጣለ። ወጠጤው እየሮጠ መጣና በጓሮ በኩል ገደሉን ወርደው እንዲያመልጡ ሐሳብ አቀረበ። ጋሽ አህያ ፍየሎች ገደል ቢወርዱም በጎች እንደማይችሉ ነገረው። ቀጥሎም ያን የጅቦች በረኛ፣ ጎሉ ሥር አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ልጅ፣ ሄዶ እንዲጨብጠው አዘዘውና ራሱ ወደ ቁጥቋጦው መራመድ ጀመረ።

«ወዴት ነው፣ ጋሽ አህያ?»

«ወደ አያ ጅቦ።»

«ይበላዎታል እኮ።»

«ሊበላኝ ይችላል» አለ ጋሽ አህያ። «ግን ይህን ያመጣሁብን እኔ ነኝ። አምና እጁን እንደዘረጋ ትቼው ሄጃለሁ።»

አንበሳ ሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ጥላ ሥር፣ ከክብር ቦታው ሆኖ ያያል። አልተነሣም። ሕጉ ሰላም ተባባሉ ይላል እንጂ በግድ አያጨባብጥም። ጉሬዛውም ፊሽካውን እንደያዘ ቀረ። ጋሽ አህያ ብቻውን ሜዳውን አቋርጦ፣ አያ ጅቦ ቁጥቋጦው ውስጥ ሊገባ ሲል ደረሰበት። ጠራው። ጅቡ ዞረ።

«አምና መዳፍህን ዘርግተህ ስትመጣ ፊቴን አዙሬብህ ሄድኩ» አለ ጋሽ አህያ። «መሸነፉ አናዶኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ አንተ ፊትህን ብታዞርብኝ አልቀየምህም። እነዚያን ልጆች ግን በእኔ ጥፋት አትያዛቸው።»

ይህን ብሎ ሰኮናውን ዘረጋ።

አያ ጅቦ የተዘረጋውን ሰኮና አየ። መጀመሪያ ያየው እንደ ምግብ ነበር፤ ጋሽ አህያም ይህን ከዓይኑ ተረድቷል። ሆኖም ሰኮናውን አልሰበሰበም። ጅቡ ግንባሩን አከከ። ማሰብ እንደሚከብደው ከፊቱ ያስታውቃል።

«እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «ያላየኸኝ መስሎኝ ነበር።»

«መቼ?»

«አምና። ያላየኸኝ መስሎኝ፣ ይመለሳል ብዬ ፀሐይ እስክትጠልቅ መሀል ሜዳ ቆሜ ቀረሁ። አይተኸኝ እንደሄድክ የነገረችኝ እመት ቀበሮ ናት።»

ጋሽ አህያ ጅቡ ሆዳም እንደሆነ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ሊከፋው እንደሚችል ግን አንድም ቀን አስቦ አያውቅም። ጆሮዎቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለው ቀስ ብሎ።

አያ ጅቦ ተጠጋ። ሰኮናውን በመዳፉ ያዘ፤ ያዘና ወደ ራሱ ሳበው። የጅቡ ትኩስ ትንፋሽ ጋሽ አህያ አንገት ላይ አረፈ። አህያው ዓይኑን ጨፈነ። ከኋላው ከበጎቹ አንዷ ስታለቅስ ሰማ። ከዚያ ትከሻው ላይ አንድ ነገር ገጭ አለ፤ በሌላኛው ትከሻውም፤ እንደገናም። ዓይኑን ሲገልጥ አንገቱ በቦታው ነው። ጅቡ እንደ ወዳጅ በትከሻው ሰላም ብሎታል።

«ሁለተኛዋ ጎል» አለ አያ ጅቦ ወደ ኋላ እያለ፣ «ጥሩ ነበረች።»

«በረኛህ ግን ሦስት ከባድ ኳስ አድኗል» አለ ጋሽ አህያ። «እሱ ባይኖር በሰፊ ልዩነት ነበር የምትሸነፉት።»

አያ ጅቦ ይህን ሰምቶ ደስ አለው። ወደ ሜዳው ሲመለሱም ወጠጤውና በረኛው ጎሉ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለዚያች የማዕዘን ኳስ ሲከራከሩ አገኟቸው። አንበሳ ከዋርካው ሥር ተነሥቶ ተንጠራራና ወደ ቤቱ ሄደ። ለእሱ ጨዋታው አሁን አለቀ።

ሽኝቱ ተጀመረ። አያ ጅቦ ከፊት፣ ጋሽ አህያ ከጎኑ፣ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው ሸለቆውን ወረዱ። ቁጥቋጦው ውስጥ ብዙ ዓይኖች ያበሩ ነበር። መንገዱ ከሚጠብበት ቦታ ሲደርሱ ተጫዋች ያልሆኑ ትልልቅ ጅቦች ወጥተው ቆሙ። እመት ቀበሮ ከኋላቸው ብቅ አለች፤ አያ ጅቦን ከፊት ስታየው ግን መልሳ ተደበቀች።

ከሁሉም የሚበልጠው ጅብ ይህ ሁሉ ለእነሱ የመጣ እንደሆነ ጠየቀ።

«እንግዶቼ ናቸው» አለ አያ ጅቦ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ሆዱ ጮኸ። ሸለቆው ሙሉ ሰማው። ጅቦቹ ሳቁ፣ በጎቹ ደነገጡ፣ አያ ጅቦም አፈረ። ከመንገዱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ርቦኛል» አለ። «ግን ተጨባብጠናል።»

ትልቁ ጅብ እንግዶቹን አየ፣ አያ ጅቦን አየ፣ አንበሳንም አሰበ። ከዚያ እያጉረመረመ ወደ ቁጥቋጦው ተመለሰ፤ የቀሩትም አንድ በአንድ ተከተሉት።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጋሽ አህያ በመጪው ዓመት እሱ ራሱ ሊቀበላቸውና ሊሸኛቸው ቃል ገባ። አያ ጅቦ በዚያን ዕለት የሚበላ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀው። ጋሽ አህያ ጥቂት አሰበና «ሣር አለ» አለው። አያ ጅቦ ሳቀ። ሣር በሎቹ የጅብ ሳቅ ሰምተው ያልደነገጡበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነበር።

ከተሻገሩ በኋላ ጋሽ አህያ ከዳርቻው አሸዋ ላይ ተዘረጋ። ሌሎቹም በዙሪያው ወደቁ። ከዚያ አንዲት በግ ትስቅ ጀመር፤ ሳቋ ከአንዱ ወደ ሌላው ተጋባ።

«ጋሽ አህያ» አለ ወጠጤው ሳቁ ጋብ ሲል፣ «አሸንፈናል እኮ።»

ለካ ሁላቸውም ረስተውታል።

በማግስቱ እመት ቀበሮ ማልዳ ወደ አያ ጅቦ ሄዳ፣ ይጨብጡት ብዬ የመከርኩዎ ምክር እንዴት አማረ አለችው። አያ ጅቦም እውነት መሰለውና አመሰገናት።

ከዚህ የምንማረው፣ ብናሸንፍም ብንሸነፍም ተጋጣሚያችንን ሰላም ሳንል ከሜዳ መውጣት እንደሌለብን፣ ተሳስተን ከወጣንም ቀድመን ሄደን እጃችንን መዘርጋት ያለብን እኛው ያጠፋነው እንደሆንን ነው።