ያለ መንታው የማይተኩስ ሽጉጥ

አንድ የጥንት ገዥ ነበሩ። ከግዛታቸው ሰው ሁሉ ይልቅ የሚያደክሟቸው አዛናውና እንግዳሸት የሚባሉ ሁለት ጎረምሶች ነበሩ። በመሃላቸው የሚያልፈው ወንዝ አንድ ክረምት ከአንዱ ማሳ፣ ሌላ ክረምት ከሌላው ማሳ እየቆረሰ ስለሚሄድ፣ በድንበር ሳይጣሉ የከረሙበት ዓመት አልነበረም። ገዥው ሽማግሌ ልከው ልከው ሲሰለቻቸው ሁለቱንም አስጠሩ። አንዱን ባላምባራስ፣ ሌላውን ግራዝማች ብለው ሾሙና፣ በቀይ ከፋይ ከተለበጠ ሣጥን ውስጥ መንታ ሽጉጥ አውጥተው አንዳንድ ሸለሟቸው። እጀታው የዝሆን ጥርስ፣ አፈሙዙ በብር ሐረግ የተቀረጸ ነው። በአንደኛው ላይ ያለው አንበሳ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ላይ ያለው ወደ ግራ ያያል፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንበሶቹ ይተያያሉ። ጥይት በሚጎርሰው ተሽከርካሪ ሆዳቸው ላይ ደግሞ የየባለቤቱ ስም ተጽፏል።

ለሚጣሉ ሰዎች ሽጉጥ መሸለም ምን የሚሉት ጥበብ ነው የሚል ይኖራል። ጥበብነቱ የታወቀው በሳምንቱ ነው። ሁለቱ አዳዲስ ሹማምንት ወንዝ ዳር ተገናኙ፣ ተሰዳደቡ፣ ሽጉጥ ተማዘዙ፣ ቃታ ሳቡ። ቀጭ! ቀጭ! አንዱም አልተኮሰም። እየተሽቀዳደሙ ወደ ገዥው ግቢ ጋለቡ።

"ጌታችን፣ የሸለሙን ሽጉጥ አይተኩስም!" አሉ በአንድ ድምፅ። በአንድ ድምፅ ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

"ማን ላይ ሞከራችሁት?" አሉ ገዥው።

ሁለቱም እርስ በርስ ተጠቋቆሙ።

"ሆዳቸውን አንጥረኛው ያቀያየረው በእኔ ትእዛዝ ነው። ያንተው በሱ ሽጉጥ፣ የሱም ባንተ ሽጉጥ ውስጥ ካልገባ አይዞርም። መተኮስ ያማራችሁ ቀን አብራችሁ ተቀመጡ።"

አንዴ ተቀያይረው ለምን አልተገላገሉም እንዳይባል፣ ስም አለበት። ስሙን በባላንጣው ቤት የሚያሳድር ወንድ በዚያ አገር አልተወለደም። ስለዚህ በየዓመቱ በጥር፣ በአስተርእዮ ማርያም ንግሥ፣ ድንበሩ ድንጋይ ላይ ይገናኛሉ፤ ሆዱን ይቀያየራሉ፣ አንዳንድ ጥይት ወደ ሰማይ ይለቃሉ፣ የየራሳቸውን መልሰው ይለያያሉ። መርዝ ስለሚፈሩ ሁለቱም ጠጃቸውን ከየቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ሞቅ ሲላቸው ግን አንዱ የሌላውን እየጠጣ ይገኛል።

ዘመን ሄደ። ገዥው አለፉ፤ ወንዙም ደርቆ ከማንም መቁረሱን ተወ። ባላምባራስ አዛናው አረጁ፤ ሚስታቸው የሺመቤትም ሞተች። ልጆቻቸው ሐዘኑን ላለመቀስቀስ ብለው ስሟን ማንሳት ተዉ። የሚያነሳት አንድ ሰው ብቻ ቀረ። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ግራዝማች እንግዳሸት ድንጋዩ ላይ ይደላደሉና፣ "የሺመቤት እኮ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነበር፤ ፀሐይ ዓይኗን ወግቷት ነው አንተ ላይ የወደቀችው" ይላሉ። ባላምባራስም አፋቸው እስኪደርቅ ይሰድቧቸዋል፤ በዚያው ስድብ ዓመቱን ሙሉ ደስ ብሏቸው ይከርማሉ።

ታዲያ አንድ ዓመት የጥንት ዕቃ የሚሰበስብ ሀብታም ከከተማ መጣ። መንታዎቹን ሽጡልኝ ቢላቸው እምቢ አሉት፤ ለኤግዚቢሽን አውሱኝ ቢላቸው እሺ አሉት። ሰውየው ዕቃ አዋቂ ነውና ጉድለቱን ወዲያው ደረሰበት። ውጭ አገር የተማረ ባለሙያ ፈልጎ አስጠገነና፣ ንግሡ ሳይደርስ በየቤታቸው ይዞ መጣ።

"አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ዕድሜ ልኩን ተበላሽቶ የኖረውን አስተካከልኩልዎ። ከእንግዲህ የማንንም እጅ አያዩም" አላቸው ባላምባራስን።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አሉ። ሌላ ምን ይባላል?

የንግሡ ዕለት ጠዋት ባላምባራስ ደጃቸው ቆመው ተኮሱ። ሽጉጡ አጓራ። ከወንዙ ማዶም ሌላ ተኩስ መለሰ። ልጆቹ እልል አሉ። ባላምባራስ ተቀምጠው ጠጃቸውን ቀመሱ፤ ውኃ ውኃ ይላል ብሎ የሚያናድዳቸው ሰው የለም። ምሳ ተበላ፣ እንግዳ ገባ፣ እንግዳ ወጣ። ሁሉም ባላምባራስን አከበራቸው፤ የየሺመቤትን ስም ግን ማንም አልጠራም። ሚስታቸው ዳግም የሞተች መሰላቸው።

ተነሡ። ሽጉጣቸውን ታጥቀው፣ ጠጃቸውን አንጠልጥለው ወደ ድንጋዩ ወረዱ። ግራዝማች ቀድመው ተቀምጠዋል።

"ያ የከተማ ሰው አበላሸብኝ፤ አልተኩስ አለኝ" አሉ ባላምባራስ። አፈሙዙ ገና ባሩድ ባሩድ ይሸታል።

"የኔም ያው ነው" አሉ ግራዝማች፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያሹ።

"ጠዋት ከማዶ የሰማሁት ታዲያ ምንድን ነው?"

"ነጎድጓድ ነዋ።"

"በጥር?"

"ምን ታደርገዋለህ፣ የዘንድሮ ሰማይ ዕብድ ነው። ባንተም በኩል ሳያጓራ አልቀረም።"

"አጓርቷል" አሉ ባላምባራስ።

እንደ ልማዳቸው ሆዱን ተቀያየሩና ወደ ሰማይ ቃታ ሳቡ። ቀጭ። ቀጭ። ባለሙያው እያንዳንዱን ለየራሱ ሞርዶታልና፣ በመንታው ውስጥ አልዞር አለ።

"ጭራሹን ተበላሽቷል!" አሉ ግራዝማች ፊታቸው በርቶ።

"እሰየው! በቃ እንዳለ ይቅር፤ የኔን አንተ ያዘው፣ ያንተን እኔ እይዛለሁ። ብቻ ስሜን ጣራህ ከሚያፈስበት ጥግ እንዳታስቀምጠው።"

"የሺመቤት እኮ የኔን ቤት ብትመርጥ፣ ጣራውን እሷው ታስከድነው ነበር..." ብለው ጀመሩ ግራዝማች። ባላምባራስም ለስድቡ ተመቻችተው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ፣ ሽጉጦቹ አሁንም አለመተኮሳቸውን ለማረጋገጥ በየዓመቱ ይገናኙ ነበር አሉ።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው፦ ሽጉጥ ለተማረ ሰው አይሰጥም። ይህ ለማይዋጥለት ደግሞ ሌላ አለ። ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ብዙውን ጊዜ ጎደሎው ነው፤ ጎደሎውን ሁሉ ሞልቶ የጨረሰ ሰው፣ ደጁን የሚያንኳኳ አያገኝም።

እናንተስ ቤት ሊጠገን የታሰበ ነገር አለ? ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት፣ በዚያ ሰበብ ብቅ የሚለው ማን እንደሆነ አስቡ። ታሪኩንም ለጎረቤታችሁ አካፍሉ፤ በስልክ ከምትልኩለት ግን ወንፊት ለመዋስ ሄዳችሁ ብትነግሩት ይሻላል።