የሸምበቆ ዳሩ ሞተርና አፉን የዘጋው ሊቀመንበር

ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ፣ ሽንኩርት አልሚዎቹ ዘንድ፣ አፉ ከእጁ የሚቀድም ሰው ሲያጋጥም የምትመዘዝ አንዲት አባባል አለች። የሌላ አገር ሰው ሲሰማት ስለ መኪና የሚወራ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። አባባሏ የተወለደችው በአንድ የጥር ቀን ነው፤ ጠዋት ተፀንሳ ማታ ተወለደች ቢባል ይቀላል።

ሸምበቆ ዳር በምትባል ቀበሌ አርባ ሦስት ቤተሰብ ተሰባስቦ የመስኖ ማኅበር አቁሞ ነበር። ሊቀመንበሩ ምንይችል ይባላል። ደግ ሰው ነው፣ እጁ ንጹሕ ነው፣ ለጎረቤት ሲባል እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ይሮጣል። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ምላሱ አያርፍም። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ «በመጀመሪያ» ብሎ ካልጀመረ፣ «በመጨረሻም» ብሎ ካልደመደመ «እግዜር ያጥናችሁ» ማለት አይሆንለትም ይሉት ነበር።

ማኅበሩ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ አንድ ትልቅ የናፍጣ ሞተር አገኘ። ቀድሞ ፋብሪካ ውስጥ ያገለገለ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቁመቱ ለሰው ትከሻ የሚደርስ ሞተር ነው። ውኃ መሳቢያው ተገጥሞ ወንዙ ዳር ተተክሏል። የቀረው የናፍጣው መንገድ ነበር፤ በርሜሉ፣ ቧንቧው፣ ማጣሪያው ፊልትሮ፣ ናፍጣውን ለየሲሊንደሩ የሚያድለው ፖምፓ፣ ሁሉም ገና በየሳጥኑ ነው። ይህን የሚገጥም ባለሙያ ተፈለገና ሁለት ሰው ተገኘ።

አንደኛው አያ አለኸኝ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጣናን ጀልባዎች ሞተር ሲጠብቁ ኖረው በጡረታ ወደ መንደራቸው የተመለሱ፣ ዝምታ የሚቀናቸው ሽማግሌ። ሞተሩን ዞረው አዩ፤ ከወንዙ እስከ ሞተሩ ያለውን መሬት በእግራቸው ለኩ፤ ከዚያ «ሁለት ቀን» አሉ።

«አያ፣ ምኑ ነው ሁለት ቀን የሚፈጀው?» አለ ምንይችል።

«አንዱ ቀን ለመግጠም ነው። አንዱ ቀን የገጠምሁትን ለመጠራጠር።»

ሁለተኛው ታደገ ነው፤ ከከተማ በሞተር ሳይክል እየበረረ የመጣ፣ እጁም አፉም የፈጠነ ጎልማሳ። «ጠዋት ጀምሬ ለምሳ ውኃ ታያላችሁ!» አለ። ምንይችል ይህን ሲሰማ ወንድሙን ያገኘ መሰለው። ታደገ ተያዘ፤ አያ አለኸኝም «ይሁን፣ ይቅናችሁ» ብለው ዓሣቸውን ሊያጠምዱ ሄዱ።

እስከዚህ ድረስ ብዙም አያስከፋም። የባሰው የመጣው በማግሥቱ ነው። ታደገ ገና የመጀመሪያውን ሳጥን ሲከፍት፣ ምንይችል ድምፅ ማጉያውን ይዞ በየማሳው ዳር ዞረ። «ችግኝ ንቀሉ! በምሳ ሰዓት ውኃ ይለቀቃል! ችግኛችሁን ነቅላችሁ ጠብቁ!»

ሽንኩርት ያለማ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከመደቡ የተነቀለ ችግኝ በጥር ፀሐይ ብዙ አይቆይም። እርጥብ ጆንያ ቢያለብሱት፣ ጥላ ቢያስጠልሉት፣ ቢበዛ እስከ ማታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቢተከልም አይረባም። እንደገና ዘርቶ ለማድረስ ደግሞ ሃምሳ ቀን ይፈልጋል። ሃምሳ ቀን ካለፈ ወንዙ ይጎድላል። እንግዲህ የአርባ ሦስት ቤት ዓመት በአንድ ሰው ቃል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ወይዘሮ ያልጋነሽ የሚባሉ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ባላቸው ሞተው ሁለት ጥማድ መሬታቸውን ብቻቸውን የሚያለሙ። መደባቸው ዳር ቆመው ምንይችልን ጠየቁት።

«ለመሆኑ ሞተሩ ሲነሳ ሰምተኸዋል?»

«እማ ያልጋነሽ፣ ቃሌን ይመኑ!»

«ቃልህንማ በየቀኑ እንሰማዋለን» አሉና፣ ሌላው ሲነቅል ብቻቸውን መቅረት ከብዷቸው ነቀሉ።

ታደገ እውነትም ፈጣን ነው፤ ሐሰት አይወራበትም። መንገዱን ለማሳጠር ብሎ በርሜሉን ከሞተሩ ግርጌ ባለችው ጎድጓዳ አኖረው፤ ቧንቧውን ዘረጋ፤ መገጣጠሚያዎቹን የሚያስሩትን ዳዶዎች አጠበቀ፤ ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ላቡን ጠርጎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ሲያጓራ ሜዳው ሁሉ እልል አለ። ምንይችል ድምፅ ማጉያውን አነሳ። «በመጀመሪያ…» ከማለቱ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ጸጥ አለ።

«ድገመው!» አለ ምንይችል። ተደገመ። ተነሣ፣ አሳለ፣ ሞተ። «አንዴ ብቻ!» ተሠለሰ። ሰው ከበበ፣ ሁሉም ባለሙያ ሆነ፤ አንዱ ናፍጣው ውኃ አለበት ይላል፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል። ታደገም ዙሪያውን በእጁ እየዳበሰ «አንዲት ጠብታ የሚያፈስ ቦታ የለም! ከእኔ አይደለም፣ ሞተሩ አርጅቷል!» እያለ ይምላል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ባትሪው ደከመ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞቶሪኖ ማቃሰት ብቻ ቀረው።

ምንይችል ዘወር ብሎ ቦዩን አየ። በቦዩ ዳር ከላይ እስከ ታች፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ችግኝ ተደርድሯል። ጆንያዎቹ መድረቅ ጀምረዋል። ሴቶቹ ከወንዙ በጀሪካን እየቀዱ ይረጯቸዋል። ማንም ከሥራው ቀና ብሎ አላየውም፤ ቢሰድቡት በወደደ ነበር። ድምፅ ማጉያውን መሬት ላይ አኑሮ ሜዳውን አቋርጦ እየሮጠ ወደ ሐይቁ ወረደ።

አያ አለኸኝ ዓሣ እየበለቱ ነበር። ምንይችል ሰበብ ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ግን የወጣው «አያ፣ ችግኙ ተነቅሏል» የሚል ብቻ ነው። ሽማግሌው «ነግሬህ አልነበረም?» አላሉም። እጃቸውን ታጠቡና የእንጨት ሣጥናቸውን አንሥተው ተከተሉት።

እንደደረሱ መጀመሪያ ያደረጉት ቁልፉን ከሞተሩ ነቅለው ኪሳቸው መክተት ነው።

«ባትሪው አንድ ትንፋሽ ነው የቀረው» አሉ። «ስለዚህ አንድ ቃል ግባልኝ ምንይችል። እኔ እስክናገር ድረስ አንተ አትናገር።»

«እንዴት አያ? ሰዉ ይጠይቀኝ የለም?»

«ይጠይቅህ።»

ምንይችል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ተሰጥቶት አያውቅም።

አያ አለኸኝ ከሣጥናቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የጉሉኮስ ቱቦ አወጡ። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አላልተው ቱቦውን ሰኩና ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ነከሩት። ከዚያ ናፍጣውን የምትገፋውን የእጅ ፓምፕ በዝግታ ይጫኑ ጀመር። በቱቦው ውስጥ ነጭ አረፋ መጣ። ጫኑ፤ አረፋ። አሁንም ጫኑ፤ አሁንም አረፋ።

«የተጠራቀመ አየር ቢሆን እስካሁን ያልቅ ነበር» አሉ። «ይኼ ከአንድ ቦታ እየገባ ነው።»

«ቢያፈስ እኮ እናይ ነበር!» አለ ታደገ የሞተሩን አጥር ተደግፎ እንደቆመ።

አያ አለኸኝ ወደሱ ዞሩ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «በርሜሉ ከሞተሩ በታች ነው ያለው። ሞተሩ ናፍጣውን እየመጠጠ ነው የሚያመጣው። የሚመጥ ቧንቧ ሽንቁር ካለው ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ ወደ ውስጥ ይተነፍሳል።»

ታደገ ከአጥሩ ላይ አንገቱን አሥግጎ ቧንቧውን አየ። ምንይችል ደግሞ እዚያው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ ገረመው፤ የማያፈስ ቀዳዳ እንዳለ ዕድሜ ልኩን ሰምቶ አያውቅም።

ሽማግሌው አራት ጎረምሶች ጠርተው በርሜሉን ከጎድጓዳው አስወጡና ከሞተሩ ከፍ ባለ የድንጋይ ካብ ላይ አስቀመጡት። አሁን ናፍጣው ሳይመጠጥ በራሱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሽንቁር ካለም ወደ ውጭ ይገፋል። ቀጥለው «እማ ያልጋነሽ፣ እፍኝ ዱቄት አይጠፋም?» አሉ። ወይዘሮ ያልጋነሽ ግራ እየገባቸው ሄደው ነጭ ዱቄት በጣሳ አመጡ። አያ አለኸኝ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ አደረቁና በየአንዳንዱ ላይ ዱቄት ነሰነሱ። ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

ፀሐይዋ ትሄዳለች። ሰዉ ያጉረመርማል። ምንይችል ከንፈሩን ነክሶ ይንቆራጠጣል፤ «ምን እየጠበቅን ነው?» ማለት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። አንዱ ጠጋ ብሎ «ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር በል እንጂ» ቢለው በእጁ አፉን ሸፈነ።

አራተኛው መገጣጠሚያ ላይ፣ ዱቄቱ መሀል፣ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ታየች። ቀድሞ ያያት ታደገ ነው። ማንም ሳያዘው ከአጥሩ ተነሥቶ አሥራ ሰባት ቁጥር የዳዶ መፍቻ ይዞ መጣና ለሽማግሌው አቀበለ። ዳዶው ሲፈታ ከሥሩ የወጣችው ሮንዴላ፣ መገጣጠሚያውን የምትደፍነው የመዳብ ቀለበት፣ ጠርዟ የተበላ አሮጌ ነበረች።

«አዲሷስ?» አሉ አያ አለኸኝ።

ታደገ አንገቱን ደፋ። «ኪሴ ውስጥ ናት። አሮጌዋ ትይዛለች ብዬ… ልቀይራት ጊዜ እንዳይወስድብኝ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው አልገሠጹትም። መዳፋቸውን ብቻ ዘረጉለት። ታደገም አዲሷን ሮንዴላ አኑሮላቸው፣ አብሯቸው ተንበረከከ።

ከዚያ ያችው ዝግ ያለች ሥራ እንደገና ጀመረች። የእጅ ፓምፑ ይጫናል፣ አረፋው በቱቦው ይወጣል፣ ጠርሙሱ ይሞላል። ወይዘሮ ያልጋነሽ ናፍጣው አሳዘናቸው።

«ምነው እንዲህ ይፈሳል? ብክነት አይደለም ወይ?»

«እማ፣ እኔ ናፍጣ አላወጣሁም፤ አየር ነው የማወጣው። ሁለቱ ባንድ ቧንቧ አይሄዱም። አየር ደርሶ ቦታውን ከያዘ፣ ናፍጣ በርሜል ሙሉ ቢኖርም ሞተሩ ጋ አይደርስም። ያጓራል እንጂ አይሠራም።»

ወይዘሮ ያልጋነሽ «እህ…» አሉና ምንይችልን በዓይናቸው ጫፍ አዩት። ምንይችልም አየሩ የቱ እንደሆነ ገብቶት መሬት መሬት አየ።

አረፋው እየሳሳ ሄደ። ቱቦው ጠራ። ምንይችል ከድንጋዩ ብድግ ሲል አያ አለኸኝ ሳይዞሩ አንድ ጣታቸውን አነሡ። እውነትም ከቆይታ በኋላ አንዲት ትልቅ አረፋ ብቻዋን ተንከባላ አለፈች። ምንይችል ተመልሶ ቁጭ አለ። እነዚያን ጠባሳ የሞላባቸው፣ ጥፍራቸው የጠቆረ እጆች እያየ፣ «እኒህ እጆች አንድም ቀን ለጭብጨባ ሠርተው አያውቁም» ሲል አሰበ፤ ወደዳቸው፣ በፊታቸውም አፈረ።

በመጨረሻ ሁለት ጎረምሶች የሞተሩን ትልቅ ሽክርክሪት በብረት ዘንግ እየገፉ በዝግታ አዞሩት። አያ አለኸኝና ታደገ በየሲሊንደሩ አናት ያለውን ዳዶ እያላሉ፣ የጠራ ናፍጣ ሲያለቅስ እያጠበቁ፣ ስድስቱንም ጨረሱ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሽማግሌው እጃቸውን ጠረጉና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለታደገ ሰጡት።

«እኔ?» አለ ታደገ።

«አንተ አይደለህ የገጠምኸው? አስነሣው።»

ሞቶሪኖው አቃሰተ። ግማሽ ዞረ። ሊቆም ሲል ሞተሩ ያዘ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ስድስቱም። በዚህ ጊዜ ማንም እልል አላለም። ሁሉም ጆሮውን ቀስሮ ሳሉን ጠበቀ። ሳል አልመጣም። ከወንዙ የተነሣው ውኃ የቧንቧውን አፍ ሞልቶ ቦዩ ላይ ሲወድቅ ነው ሜዳው የፈነዳው። ሰዉ ጆንያውን እየገለጠ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እየገባ ተከለ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ መሬት ያልገባ አንድ እስር ችግኝ አልቀረም።

ጭቃቸውን ሳይታጠቡ ሞተሩ ዙሪያ ተሰበሰቡ። «ሊቀመንበር፣ ንግግር!» አለ አንድ ቀልደኛ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ምንይችል ተነሣ። ድምፅ ማጉያውን አቀበሉት፤ መልሶ ሰጣቸው። «በመጀመሪያ» አላለም።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «አያ ሁለት ቀን ሲሉኝ መስማት ነበረብኝ። ሞተሩ ሳይነሣ ችግኛችሁን ያስነቀልሁት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።»

ይኸው ነው፤ ተቀመጠ። ከኋላ ታደገ «እኔም» አለ፤ ድምፁ በጭንቅ ተሰማ። አያ አለኸኝ ወደሱ ዞረው «ነገ ና፤ ከገጠምን በኋላ መጠራጠር እንዴት እንደሚቻል አሳይሃለሁ» አሉት።

ከሊቀመንበሩ አፍ ስንት ዓመት ወሬ ሲጎርፍ ኖሮ፣ እንዲህ ልብ የሚደርስ ቃል ሲወጣ የሰሙት ገና አሁን ነው። ወይዘሮ ያልጋነሽ በጭቃ እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉና፣ ሞተሩንም ምንይችልንም ባንድ ላይ እያዩ፣ «እንዲህ ነው እንጂ ልጆቼ፤ ናፍጣ እንዲመጣ፣ አየሩ ይውጣ!» አሉ።