የአንጥረኛው እጅ

አንጓች የምትባል ሴት፣ አልጋ ላይ የዋሉ አማቷን ስታስታምም ከርማ፣ ደክሟት ወደ መምህሩ መጣች። «የኔታ፣ አጥባቸዋለሁ፤ ይሰድቡኛል። አጎርሳቸዋለሁ፤ ይተፉብኛል። የሚጠላኝን ሰው እስከ መቼ ነው የማስታምመው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

መምህሩ ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሸት አደረጉና እንዲህ አሏት፦

«አንድ አንጥረኛ ነበረ። የአገሩ ሰዎች ቡዳ ነው እያሉ አጠገባቸው ስላላስቀመጡት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነበር። ሴቶቹ የጆሮ ጌጣቸውን፣ ካህናቱ ጽናጽላቸውን የሚያሠሩት እሱ ዘንድ ነው። እሱ ብቅ ሲል ግን እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። የገዛ ልጁ ሲሞትበት እንኳ ለቀብር ወንዙን የተሻገረ ሰው አልነበረም።

በንግሥ ዋዜማ የቤተ ክርስቲያኑ ትልቁ የብር መስቀል ከእጀታው ተገንጥሎ ወደቀ። ቄሱ ይዘውት መጡ። ቤቱ አልገቡም፤ ደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ አኖሩትና ራቅ ብለው «ለነገ ይድረስ» አሉት። ሄዱ።

ሚስቱ መስቀሉን አንስታ አገላብጣ አየችው። «ላላ አድርገህ አያይዘው» አለችው። «ነገ በሕዝቡ መሀል ይውደቅባቸው። ልጄን ብቻችንን ስንቀብር የት ነበሩ?»

አንጥረኛው ወናፉን ነፋ፣ ብሩን አቀለጠ፣ እንዳለችውም ለይምሰል አያያዘው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ተመለከተው። መስቀሉን የሠራው ስሙን ማንም የማያስታውሰው፣ ከሞተ የቆየ ሌላ አንጥረኛ ነው። ብሩን እንደ ክር አቅጥኖ ሐረግ እየሳበ ጎንጉኖታል። ያንንም ሰው አጠገቡ ያስቀመጠው አልነበረም ይሆናል። አንጥረኛው በረጅሙ ተነፈሰና የራሱን ብየዳ መልሶ ሰበረው።

«ምነው?» አለች ሚስቱ።

«ይቅር አላልኳቸውም» አላት። «ግን እጄ እንደ እነሱ እንዲሆን አልፈልግም። ደክሞኛል፤ ወናፉን ንፊልኝ።»

ሚስቱ ተቀመጠችና ነፋችለት።

በማግስቱ መስቀሉ በሕዝቡ መሀል ከፍ ብሎ ዞረ፤ ሰው ሁሉ ተሳለመው። ወንዙን ተሻግሮ ያመሰገነ ግን አልነበረም። ባልና ሚስቱ እልልታውን ከደጃፋቸው ሆነው ሰሙ፤ ከዚያ ገብተው ጋደም አሉ።»

መምህሩ ወደ አንጓች ዞሩ። «እስከ መቼ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ አላውቅም ልጄ። አንጥረኛውም አላወቀም። አማትሽ ይመርቁኛል ብለሽ አትጠብቂ፤ ሳይመርቁሽም ሊሞቱ ይችላሉ። ልብሽ ቢጠላቸው አልፈርድብሽም፤ እጅሽ ግን አይጥላቸው። ሲደክምሽ ደግሞ ባልሽን ጥሪው። እናቱ አይደሉም እንዴ? እሱም ውኃ ያሙቅ።»