ያኮረፈው ዘበኛ

አንድ ጊዜ፣ ጉም ከሸለቆው አልነሣ ባለበት ክረምት፣ አያ ጅቦ የፍየል ግልገሎችን ሊበላ በጉረኗቸው ዙሪያ ያደባ ነበር። የዱሩ ጦር አዛዥ አንበሳ ወታደሮቹን አሰልፎ ጉረኖውን ያስጠብቃል። ከኮረብታው ላይ ዘብ የሚቆመው አህያ ነው፤ ጆሮው ረጅም፣ ድምፁም አገር የሚያናውጥ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ አልተገኘም።

ችግሩ አህያ አኩርፏል። ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል።

«ጥበቃ! ለማን ብዬ? ግልገሉ የኔ አይደለ፣ ምስጋናው የኔ አይደለ!»

ይህን የሰማ ፍየል ከሰልፍ መቅረት ጀመረ። በቅሎም ስትታዘዝ ጆሮዋን ትጥላለች። ሰፈሩ እረፍት አጣ፤ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ሁሉም ይበረግጋል፣ ሄዶ የሚያይ ግን የለም።

የአንበሳ አማካሪ ቀበሮ ነገር አቀበለች። «ጌታዬ፣ ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ሲባል አልሰሙም? ይገረፍ እንጂ!»

አንበሳም አስገረፈው። አህያ ባሰበት፤ ጭራሽ ጀርባውን ለሸለቆው ሰጥቶ ማጉረምረም ያዘ።

አያ ጅቦ ከታች ሆኖ ምራቁን ዋጠ። «ይሄ ካጉረመረመ አያይም ማለት ነው» አለ። በነጋታው ጉሙን ተከልሎ መጣና አንዲት ግልገል ነጥቆ ሄደ።

የእናቲቱ ለቅሶ አንበሳን አላስቀምጠው አለ። ሊቆጣ ብቻውን ኮረብታው ላይ ወጣ፤ ነገር ግን አህያው ጀርባ ላይ የአለንጋውን ሰንበር ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ እንዲህ አያጉረመርምም። ንገረኝ።»

አህያ መሬቱን በኮቴው ጫረ። «ያን ሰሞን ጅቦቹን ያየሁት እኔ፣ ጮኼ ያባረርኳቸው እኔ፤ የተመሰገነችው ቀበሮ! ከርከሮ አይቼ በስሕተት የጮኽኩ ቀን ግን ጦሩ ሁሉ ሳቀብኝ። እርስዎም አብረው ሳቁ።»

አንበሳ አፈረ። እውነት ነው፣ ስቋል።

«ይሄ የኔ ጥፋት ነው» አለ። «ያንተም ግን አለበት። ቅሬታህን ለፍየል ከምትዘራ ለኔ ንገረኝ። ይኸው ግልገል ተበላች!»

አህያ አንገቱን ደፋ።

ወዲያው አንበሳ ጦሩን ሰብስቦ ጅቦቹን ያባረረው ማን እንደሆነ በአደባባይ ተናገረ። ቀበሮ ጭራዋን ወሸቀች። አህያም ወደ ኮረብታው ተመልሶ አፉን ዘጋ፤ ጆሮውን ቀሰረ።

ጉሙ እንደገና ወረደ። አያ ጅቦ አዳመጠ፤ ማጉረምረም የለም። «አኩርፎ ቤቱ ገብቷል!» ብሎ በኮረብታው በኩል ወደ ጉረኖው ሊያልፍ እየፈነደቀ ወጣ፤ በጉሙ ውስጥ ሳያየውም አፉን እንደከፈተ ከአህያው ኋላ ደረሰ። አህያ አገር እስኪሰማ አናፋ፤ በኋላ እግሮቹም ግንባሩን ሲለው ጅቦ ጥርሱን አራግፎ ቁልቁል ተንከባለለ። ፍየልና በቅሎ ማንም ሳያዛቸው ሮጠው ደረሱ።

አንበሳ እያለከለከ መጣ። «ጎበዝ! ዛሬስ ቅሬታ አለህ?»

«አለኝ እንጂ» አለ አህያ። «እዚህ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጌታዬ።»

አንበሳ ሳቀ። «በል ውረድና ተሟሟቅ» አለው፤ ራሱም በአህያው ቦታ ዘብ ቆመ።

ከዚህ የምንማረው አለቃ ያኮረፈ ወታደሩን ለመመለስ አለንጋ ከማንሣቱ በፊት ጠጋ ብሎ ብሶቱን መስማት፣ የደከመበትንም በአደባባይ ማመስገን እንዳለበት ነው።