የከሰል አክሳዩ ልጅና ጥቁሯ ጋላክሲ

አንዲት ሴት ነበረች፤ የከሰል አክሳይ ልጅ። «ልጄን ትምህርቷን አስትቼ ልዳራት ወይ?» ያልሽኝን አልረሳሁትም፣ እኅቴ፤ መልሱን ከዚህች ሴት ጋር ይዤልሽ ነው የምመጣው፤ ታገሺኝ።

ይህች ሴት አባቷ የቆረጠውን እንጨት እየተሸከመች፣ ፊቷ በጥላሸት እየጠቆረ አደገች። ትምህርቷን ግን አጥብቃ ያዘች፤ በመጨረሻም በሕዋ ላይ ያሉ ቴሌስኮፖች የሚልኩትን ሥዕል ከሚያነቡ ሰዎች ማኅበር ገባች። የማኅበሩ አለቃ አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር ነበረ። ሰማዩን እንደ ጓሮው ያውቀዋል ይባልለታል፤ እሱም ሲባልለት አይጠላም።

ፕሮፌሰሩ በመጽሐፉ ከመዘገባቸው ጋላክሲዎች አንዷ ሆዷ ጥቁር ነበር። ጋላክሲ ማለት ከዋክብት በቢሊዮን የሚኖሩበት አገር ነው በይ። ብርሃን የሚያየው ቴሌስኮፕ ወደዚያች አገር ባነጣጠረ ቁጥር መካከሏ እንደ ተቃጠለ ማሳ ጠቁሮ ይታያል። ፕሮፌሰሩም ከሃያ ዓመት በፊት «ኮከብ መውለድ ያቆመች፣ የመከነች» ብሎ ጻፈባት። እሱ ከጻፈ ማን ይመርምር? ተማሪዎቹ ገለበጡት፤ የተማሪዎቹ ተማሪዎችም ገለበጡት።

የከሰል አክሳዩ ልጅ ግን ያንን ጥቁረት ባየች ቁጥር የአባቷ ክምር ትዝ ይላታል። ከሰል የሚከስለው እንጨቱ ተከምሮ፣ ሣርና አፈር ለብሶ፣ ውስጥ ለውስጥ ሲነድ ነው። ከውጭ ነበልባል የለውም፤ የሞተ የአፈር ጉብታ ነው የሚመስለው። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አንድ ማለዳ ጉብታው ላይ እጇን ዘርግታ «አባዬ፣ ጠፍቷል!» አለችና አፈሩን መጫር ጀመረች። ያለ ጊዜው የተከፈተ ክምር ደግሞ አየር ሲያገኝ ነዶ አመድ ነው የሚሆነው። አባቷ ሮጦ መጥቶ እጇን ቀብ አደረገው።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«እሳት ስሞቅ ነበር።»

«እሳት ዳር የቆየ እጅ ሌላውን እሳት አያውቅም። ሂጂ፣ ወንዝ ውስጥ ነክረሽው ነይ።»

ነክራ ተመለሰች፤ የእጇን ጀርባ ዘረጋች። ሙቀቱ እንደ ከብት ትንፋሽ ተቀበላት።

እናም አንድ ቀን ማኅበሩ ቴሌስኮፖቹ ወዴት ይመልከቱ ብሎ ሲማከር፣ «ወደ መካኗ» አለች።

ሳቁባት። «እመቤቴ፣» አለ ፕሮፌሰሩ፣ «እኛ እዚህ ከሰል አናከስልም።»

«አውቃለሁ፣ ፕሮፌሰር። እሷ ግን ታከስላለች።»

ሳቁ ጋብ አለ። ብርሃንን ትቶ ሙቀትን የሚያይ አንድ አሮጌ ቴሌስኮፕ ነበረና፣ አፏን ይዘጋላት ብለው እሱን ፈቀዱላት። ሥዕሉ ሲመጣ ግን እንደ ጉም የተድበሰበሰ፣ ምኑም የማይለይ ሆነ። ፕሮፌሰሩ ወደ እሷ ገፋ አድርጎ፣ «ይኸውልሽ፤ ሙት ማስቸገር ይብቃሽ» አላት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። እሷም ልትወጣ ተነሥታ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆም አለች።

«የዚህ ቴሌስኮፕ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ካለቀ ስንት ጊዜው ነው?»

ብዙ ዓመት ነው አሏት።

«እንግዲያው ያየው የራሱን ሙቀት ነው። እጁ ሙቅ ነው! አዲሱን ስጡኝ፤ ከፀሐይ ተከልሎ በብርድ የሚኖረውን።»

የአዲሱ ቴሌስኮፕ ሰዓት ብርቅ ነው፤ ስንቱ ሊቅ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ማኅበሩ ለዓመቱ የደረሰው አንድ ተራ ብቻ ነበር። «ይህን ተራ በልተሽ ባዶ እጅሽን ከመጣሽ፣» አለ ፕሮፌሰሩ፣ «ወንበርሽን ለሌላ ትለቂያለሽ።»

«እለቃለሁ» አለች። ወረቀት አመጡላት፤ ፈረመች።

ሥዕሉ የደረሰው ከወራት በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ ነው። ማኅበሩ በሙሉ ተሰበሰበ፤ ገሚሱ ለማየት፣ ገሚሱ እሷን ለመሸኘት። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በራ። ጥቁር የነበረው ሆድ ፍም ሆኖ ይንቦገቦጋል! ፍሙ ሁሉ አራስ ኮከብ ነው። የኛዋ ጋላክሲ በዓመት አንድ ሁለት ስትወልድ፣ ያቺ «መካን» መቶውን ታወርደዋለች። ጥቁረቱ ለካ አቧራ ኖሯል፤ የወሊዱ ግርግር ያስነሣው፣ አራሶቹን እንደ መጋረጃ የጋረደ አቧራ።

የከሰል አክሳዩ ልጅ ምን ትበል? እልልታዋን አቀለጠችው። ኮሪደሩን ይወለውሉ የነበሩ አንዲት አሮጊት መወልወያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ማን ነው የወለደው?»

«ሰማይ ወለደች፣ እማማ!»

«እሰይ! በኛ አገር እልልታው ለወንድ ሰባት ነው፣ ለሴት ሦስት። ለዚህኛው ስንት ልበል?»

«አይቁጠሩት፣ እማማ፤ ብቻ ይቀጥሉ!»

ቀጠሉ። ሁለቱ ሴቶች ሲያስነኩት ያ ሁሉ ሊቅ ጭብጨባውን ያዘው። ፕሮፌሰሩ ብቻ አላጨበጨበም። ወደ ሥዕሉ ተጠጋ። ከዚያ መጽሐፉን አስመጣ፤ «የመከነች» የምትለዋን ቃል በገዛ ብዕሩ ሰረዛት፤ ብዕሩንም ለሴትዮዋ አቀበላት።

«አንቺ ጻፊ» አላት። «የኔ እጅ ሃያ ዓመት ሙሉ ከገዛ እሳቴ ዳር ነበር።»

ይኸውልሽ፣ እኅቴ። ልጅሽ ሁለት ጊዜ ተፈትና ወደቀች፤ ከክፍሏ አትወጣም፤ ጎረቤቱም «እሳት አመድ ወለደ» ይልሻል። ጋላክሲዋ ልጅሽ ናት፤ ጥቁረቱም ዝምታዋ ነው። ፕሮፌሰሩ ጎረቤትሽ ነው፤ ፕሮፌሰሩስ ቢያንስ አይቶ ነው የተሳሳተው። አንቺ ደግሞ፣ አትቆጪኝና፣ ያ አሮጌ ቴሌስኮፕ ነሽ። በሰው ሐሜትና በራስሽ እፍረት ግለሽ ትመጪና በሯን ትደበድቢያለሽ፤ ከዚያ «ምንም የላትም» ትያለሽ። ያየሽው የራስሽን ትኩሳት ነው። ክምሩን ያለ ጊዜው ከፍተሽ ከዳርሻት ደግሞ አመድ ያደረግሻት አንቺ ነሽ፤ ያኔ ጎረቤትሽ እውነቱን ይሆናል።

ሂጂ፣ መጀመሪያ እጅሽን ነክሪ። ቀዝቅዘሽ ግቢ፤ አጠገቧ ቁጭ በይ፤ አትጠይቂያት፤ ቆዪ። ሙቀቱ እጅሽን የነካሽ ቀን ጥሪኝ። እልልታውን ሳልቆጥር ነው የምመጣው።