በዓል የማይወስደው አውራ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጎመን ተካይ። ተቀመጥና ስማኝ አያልሰው። «አባ፣ የውሃ ቦኖው ላይ ሕዝቡን የሚያስቸግሩትን ጉልበተኞች ታግሼ ኖሬአለሁ፤ ትዕግሥት ኃጢአት የሚሆንበት ቀን አለ ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱ ያለው እዚያ ሰው ጋ ነው።

የዚህ ሰው ቤት ሐይቅ ዳር ነበር። እርጥበት ካለ ቀንድ አውጣ አይጠፋምና ጎመኑን እየበላ አስመረረው። አንድ ጎረቤቱ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር አራት ሴት ዳክዬዎችና አንድ አውራ ትቶለት ሄደ። ማሳው ውስጥ ቢለቃቸው ቀንድ አውጣውን ለቃቅመው ፈጁለት። ሰውየው ተደሰተ። ሰኔ ላይ ከአራቱ አንዷ፣ ነጯ፣ ታቅፋ አሥራ አንድ ጫጩት ስትፈለፍል ደግሞ ደስታው እጥፍ ሆነ።

ጫጩት በማሳደግ ማንም አይደርስበትም ነበር። ውሃ የሚያቀርብላቸው በዝርግ ሳሕን ነው፤ እንዳይሰጥሙ ጠጠር ይጨምርበታል። ደረቅ ነገር ዳክዬን ያንቃታልና ፉርሽካውን በውሃ ያርሰዋል። ላባ ሳያወጡ ወደ ኩሬው አያስጠጋቸውም። አሥራ አንዱም አደጉ። በሄደበት ሁሉ በሰልፍ ሲከተሉት የሰፈሩ ሰው «ጄኔራል መጣ» እያለ ያሾፍበት ነበር፤ እሱም ሹመቱን አልጠላውም።

ከዚያ ድምፃቸው ተለየ። ሴቷ ዳክዬ ጯሂ ናት፤ አውራው ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጉሮሮው ይሻክራል፣ ጭራው ላይም የተጠቀለለች ላባ ያወጣል። ሰውየው አንድ በአንድ ቢያያቸው ከአሥራ አንዱ ስምንቱ አውራ ሆነው ተገኙ። ከአባታቸው ጋር ዘጠኝ አውራ፣ ለሰባት ሴት ማለት ነው።

ሚስቱ ወዲያው ገባት። «አንተ ሰው፣ አውራው በዛ። አንድ ነገር አድርግ» አለችው።

«ተያቸው፤ ጊዜ ያበርዳቸዋል» አላት።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ያደገው ዶሮ ካለበት ቤት ነው። ዶሮ ቤት ውስጥ አውራ ቢበዛ አይቆይም፤ እንቁጣጣሽ ይወስዳል፣ ገና ይወስዳል፣ የተረፈውን ፋሲካ ይጨርሰዋል። አባቱም አያቱም የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይሂድ ብለው ተጨንቀው አያውቁም፤ በዓሉ ነው የሚመርጥላቸው። ዳክዬን ግን በእኛ ሃይማኖት ማን ይበላል? እንቁጣጣሽ መጣ፣ አለፈ። ገናም መጣ፣ አለፈ። ዘጠኙ አውራዎች እዚያው ናቸው። ሰውየው ግን እንደለመደው አንድ ቀን መጥቶ የሚገላግለው ይመስለው ነበር።

እሱ ቀን ሲጠብቅ ሴቶቹ መከራቸውን አዩ። አንዱ አውራ ማጅራቷን ነክሶ ይዞ ሳይወርድ ሌላው ይወጣባታል። የሰባቱም አንገት ተመለጠ፤ አንዷ ማነከስ ጀመረች። ሰውየው ያያል፣ ከልቡም ያዝናል። «ምን ይደረግ፣ መታገሥ ነው» ይልና ወደ ጎመኑ ይሄዳል። ሚስቱ «ኧረ አጥር እናድርግላቸው» ባለች ቁጥር «ሁሉም በእጄ ያደጉ ናቸው፤ እንዴት አንዱን ከአንዱ ልለይ?» ይላታል።

የካቲት ላይ ነጯ ዳክዬ እንደገና ታቀፈች። ዘጠኝ እንቁላል ነበራት። በአሥረኛው ቀን ሰውየው አንዱን ወደ ጓዳ ወስዶ በባትሪ ቢያየው ደም ሥሩን ዘርግቶ፣ ነፍስ ዘርቶ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ቀን መቁጠር ሆነ ሥራው። ዳክዬ ሃያ ስምንት ቀን ነው የምትታቀፈው።

በሃያ አራተኛው ቀን ከገበያ ሲመለስ ሚስቱ ነጯን በነጠላዋ ጠቅልላ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። አውራዎቹ ከጎጆዋ ጎትተው አውጥተዋታል። አመልጣለሁ ብላ ኩሬው ውስጥ ስትገባ ሦስት ሆነው ተከመሩባት፤ ሚስቲቱ ዱላ ይዛ ባትደርስ ሰጥማ ነበር። እንቁላሎቹን ሄዳ ብትዳስሳቸው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል።

ሚስቱ አልጮኸችም። ዳክዬዋን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ እጁን ይዛም የተላጠው አንገቷ ላይ አኖረችው።

«እስቲ ንገረኝ፤ እስከ ዛሬ የታገሠው ማነው? አንተ ነህ ወይስ እሷ?»

የሰውየው እንባ መጣ። ከዚያ ተነሣ። የገበያ ልብሱን እንኳ አልለወጠም። ለቤት ማደሻ ያስቀመጠውን አጣናና የሽቦ መረብ አወጣና የማሳውን የታችኛውን ግማሽ አጠረው። ስምንቱን ጎረምሶች እያባረረ ያዘና ከአጥሩ ወዲያ ጨመራቸው፤ ሽማግሌውን አባታቸውን ብቻ ከሴቶቹ ጋር ተወው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰ። ስድስት ወር ሙሉ የታገሠለት ነገር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር።

ስምንቱም ለብቻቸው ሲሆኑ ጠባያቸው ተለወጠ። የሚሻሙባት የለችምና ጎን ለጎን ሆነው ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ ይውላሉ። አንድም አልታረደ፣ አንድም አልተባረረ። የሴቶቹም አንገት ላባ አበቀለ። ዘጠኙ እንቁላል ግን አልተመለሰም።

ይኸውልህ አያልሰው። አንተም እንደዚያ ሰው ክፉ አይደለህም፤ ክፉ ብትሆንማ መጥተህ አትጠይቀኝም ነበር። ሦስቱ ጉልበተኞች ጋሪያቸውን እየነዱ ወረፋ ሲጥሱ፣ የሰው ጀሪካን በእግራቸው ሲገፉ ታያለህ፤ «ልጆቻችን ናቸው፣ ይበርዳሉ» ትላለህ። በአባቶቻችን ጊዜ ምንጩ ሰፊ ስለነበረ ማንም ማንንም አይገፋም ነበር፤ ውሃው ራሱ ዳኛ ነበር። ዛሬ ያለችው አንዲት ቧንቧ ናት፤ እሷ አትዳኝም። እንድትዳኝ የቦኖው ሊቀ መንበር ሆነህ የተመረጥኸው አንተ ነህ።

ሰው በራሱ ጀርባ ሲታገሥ ጽድቅ ነው፤ አልከለክልህም። አንተ ግን መቼ ታገሥህ? የታገሠችው ከንጋት ጀምሮ ልጅ አዝላ ቆማ፣ ባዶ ጀሪካን ይዛ የምትመለሰው ሴት ናት። የሊቀ መንበሩ ቤት ውሃ ጎድሎ ያውቃል? አታቀርቅር፤ ልሰድብህ አይደለም የነገርኩህ።

ኃጢአት የሚሆንበትን ቀን ጠየቅኸኝ። ያ ቀን ካለፈ ቆይቷል። የቦኖው ቁልፍ በአንተ ኪስ ነው፤ ሴቶቹም አሁን ተሰልፈው ቆመዋል። ተነሥና ሂድ።