ሳያነብ አረንጓዴ ያበራው መርማሪ

ነገሩ ተረት ይመስላል፤ እናንተ ግን ጆሮ ስጡኝ፤ ስትሰሙም አብራችሁኝ ተቆጡ።

አዳማ ከተማ ውስጥ ሶልያና የምትባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነበረች። መሥሪያ ቤቷ ለአንድ ሆስፒታል የሕፃናትን የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ይሠራል። ፕሮግራሙ የተጻፈው በሁለት የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ አሮጌው ክፍል በጃቫ፣ አዲሱ ክፍል በፓይተን። ሰው የጻፈው ስሕተት አያጣውምና፣ የተጻፈውን እያነበበ ስሕተት የሚለቅም ሌላ ፕሮግራም አለ። መርማሪ ይሉታል። ስሕተት ሲያገኝ ቀይ ያበራል፤ ሲያጣ አረንጓዴ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አዲሱ ክፍል አለቀና ለመርማሪው ተሰጠ። አረንጓዴ በራ። ቢሮው በሙሉ አጨበጨበ። ሶልያና ግን አላመነችም። እንዲህ በአንድ ጊዜ? ሆን ብላ አንድ መስመር አበላሸች፤ የተከፈተ ቅንፍ ሳትዘጋ ተወችና እንደገና ሰጠችው። አረንጓዴ! ደሟ ፈላ። ለካ መርማሪው የሚያውቀው ጃቫን ብቻ ነው፤ ፓይተኑን ዘሎት ነው የሚያልፈው። ዘለልኩ እንኳ አይልም!

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ!» አለች ጮክ ብላ።

የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ መርማሪው ሁለቱንም ቋንቋ ያንብብ። መርማሪው ግን አላነብም አለ።

ሄደች ወደ ኪሩቤል። መርማሪውን የሚያስተዳድረው እሱ ነው።

«ኪሩቤል፣ መርማሪው አላነብም ብሏል። ፓይተን የሚያነብ መሣሪያ ጫንለትና ሁለቱንም አብሮ ይመርምር።»

«አረንጓዴ አይደል እንዴ? ምን ጎደለሽ?» አለ ኪሩቤል፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

«አላነበበውም እኮ ነው የምልህ!»

«እንግዲህ ራኬብ ሰርቨሩን ካልከፈተችልኝ አልጭንም።»

ሄደች ወደ ራኬብ። ሰርቨር የሚሉትን፣ መርማሪው የሚሠራበትን ትልቅ ኮምፒውተር የምትጠብቀው እሷ ናት።

«ራኬብዬ፣ መርማሪው አላነብም አለ፤ ኪሩቤል አልጭንም አለ። እባክሽ ሰርቨሩን ክፈቺለት።»

«እኔ? ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ማን ሊጠየቅ ነው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እህቴ። አቶ ልሳነወርቅ ካልፈቀዱ አልከፍትም።»

ሄደች ወደ አቶ ልሳነወርቅ። የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ ናቸው፤ በራቸውን ከፍተው፣ ፊታቸውን ዘግተው የሚቀመጡ ሰው።

«ጋሼ፣ መርማሪው አላነብም አለ፤ ኪሩቤል አልጭንም አለ፤ ራኬብ አልከፍትም አለች። እርስዎ አንድ ጊዜ ይፍቀዱልን።»

«ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ አደጋ ነው።»

«ያልተነበበ ፕሮግራምስ አደጋ አይደለም?»

«እሱ የእኔን ክፍል አይመለከትም» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ወይዘሮ አስካለ ካላዘዙ አልፈቅድም።»

የእኔን ክፍል አይመለከትም! ሶልያና ይህን ቃል እያኘከች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወደ ሥራ አስኪያጇ ወጣች።

«ወይዘሮ አስካለ፣ መርማሪው አላነብም አለ፤ ኪሩቤል አልጭንም አለ፤ ራኬብ አልከፍትም አለች፤ አቶ ልሳነወርቅ አልፈቅድም አሉ። እርስዎ ይዘዙና ይነበብ።»

ወይዘሮ አስካለ ወንበር ሰጧት፤ ውኃም ቀዱላት። «የኔ ልጅ፣ ለሰኞ እናስረክባለን ብለን ቃል ገብተናል። አሁን መሣሪያ ስንጭን፣ ስናፈርስ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን። ሆስፒታሉ ይመርመርልኝ አላለም። ደንበኛው ካልጠየቀ አላዝም።»

ሶልያና ውኃውን ሳትቀምስ ወጣች። ከሁሉ ያንገበገባት ከመካከላቸው አንድም ክፉ ሰው አለመኖሩ ነው። ኪሩቤል እናቷ የታመሙ ጊዜ ሥራዋን ሸፍኖላታል፤ ራኬብ ምሳዋን ሳታካፍላት አትበላም። ማንም አይሆንም አላላትም እኮ! ሁሉም «ካል» ነው ያለው፤ ካልከፈተች፣ ካልፈቀዱ፣ ካላዘዙ፣ ካልጠየቀ። በዚህች በ«ካል» መካከል ደግሞ ሰው የሚያህል ነገር ሊጠፋ ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ ለደንበኛ ያወራ ሠራተኛ እንደሚባረር ታውቃለች። ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ አለች። ባጃጅ ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

ፕሮግራሙን የሚረከቡት የአራስ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ፣ ሲስተር ዝናሽ ናቸው። ማሞቂያ ውስጥ የተኛች አንዲት ጭብጥ የምታህል ልጅ ሲያገላብጡ ደረሰች።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልንገርዎት። መርማሪው አላነብም አለ፤ ኪሩቤል አልጭንም አለ፤ ራኬብ አልከፍትም አለች፤ አቶ ልሳነወርቅ አልፈቅድም አሉ፤ ወይዘሮ አስካለ አላዝም አሉ። አሁን የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ቀስ በይ፣ ልጄ፤ ተንፍሺ። ያልተነበበው ምን የሚሠራው ክፍል ነው?»

«የአራስ ሕፃናቱን የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው።»

ሲስተር ዝናሽ እጃቸው ልጅቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ዛሬ ጠዋት ደህና ነው ብላችሁ ጽፋችሁልን አልነበር?»

«መርማሪው አረንጓዴ ስላበራ ነው።»

«ሳያነብ?»

«ሳያነብ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ!» ሲስተር ልጅቷን በቀስታ አስተኝተው፣ ማሞቂያውን ዘግተው፣ ኮሪደር ወጥተው ነው የጮኹት። «ሰዉ ሁሉ አላደርግም፣ አላደርግም ሲል ዋለ? እንግዲያው እኔም አለኝ! አልረከብም! ቁጥራቸውን ስጪኝ።»

ሶልያና ሰጠቻቸው። ሲስተር ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሱም።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ያልተነበበ ነገር አልረከብም። ሰኞም አልረከብም፣ ከሰኞ በኋላም አልረከብም። አዎ፣ ልጅቷ እኔ ዘንድ ናት። አንድ ነገር ብትሏት ደግሞ እናንተን ራሳችሁን አልቀበልም!»

ያን ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። ሲስተር ዝናሽ አልረከብም ቢሉ፣ ወይዘሮ አስካለ አዘዙ፤ ወይዘሮ አስካለ ቢያዙ፣ አቶ ልሳነወርቅ ፈቀዱ፤ አቶ ልሳነወርቅ ቢፈቅዱ፣ ራኬብ ከፈተች፤ ራኬብ ብትከፍት፣ ኪሩቤል ጫነ፤ ኪሩቤል ቢጭን፣ መርማሪው አነበበ። አንብቦም ቀይ አበራ።

ሁሉም ስክሪኑን ከበቡ። ሶልያና ያበላሸችውን መስመር ቀድማ አስተካክላው ነበር፤ ቀዩ የሌላ ነው። ብዙው ጥቃቅን ነበር። አንዱ ግን ከባድ ነበር። ለአራስ ልጅ የሚቀነሰው መጠን ተሰልቶ፣ ስም ወጥቶለት ተቀምጧል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሌቱ የትም አይጠራውም፤ ቅናሹ ሳይደረግ ይቀራል። ከተወለደ ሁለት ቀን ለሆነው ልጅ የትልቅ ሕፃን መድኃኒት ሊታዘዝለት ነበር።

«እግዚአብሔር አወጣን» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ደረታቸውን ይዘው።

«እሱማ አውጥቶናል» አለች ሶልያና። ድምፅዋ ከጠዋቱ ይልቅ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቁጣው ግን አልወረደም። «ሲስተር ሰኞ ፈርመው ተረክበው ቢሆንስ? ማን ነበር የሚጠየቀው? እስቲ ንገሩኝ፣ የማን ክፍል ነበር?»

አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ኪሩቤል ወንበሩን ስቦ ከአጠገቧ ተቀመጠና «ነይ፣ አብረን እናስተካክለው» አለ። እሷም ተቀመጠች።

ሰኞ አለፈ። ርክክቡ ሐሙስ ሆነ፤ ሲስተር ዝናሽም ራሳቸው እየሞከሩ ተረከቡ። በማግስቱ አንድ ትኩሳት የያዘው አራስ ወንድ ልጅ መጣ። በፕሮግራሙ መጠኑ ተሰላ፤ በልኩ ተቀነሰ፤ በልኩ ተሰጠው። እሑድ እናቱ አቅፋው ወደ ቤቷ ገባች። ስም እንኳ ገና አላወጣችለትም ነበር።

እኔ ነግሬ ጨረስኩ፤ የሰማ ያሰማ፤ ያላነበበውን «አነበብኩ» የሚል ይፈር።